አስማተኞችን የምትመዝን ሴት

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ የተቀደዱ መጻሕፍት በሚጠገኑበት ክፍል፣ አንዲት ጠራዥ ትሠራለች። ሰው ሁሉ «እስቲ ልየው» ብሎ ይጠራታል። ስሙ ዝም ብሎ የወጣላት አይደለም። አለቃዋ «አዲስ ሙጫ መጥቷል፣ ከድሮው ይሻላል» ካላት «እስቲ ልየው» ትላለች። ሐኪሙ «ደምሽ ደህና ነው» ካላት ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ «እስቲ ልየው» ትላለች። ጎረቤቷ ሴት ልጅ ወልዳ «ቁርጥ እናቷን» ሲባል፣ አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ምንም ሳትል ወጥታለች። ጎረቤቷ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

ጥርጣሬ አብሯት አልተወለደም። ልጅ ሳለች አባቷ ለሥራ ብሎ ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። እናቷ በሰፈሩ «አዋቂ ነኝ» ወደምትል ሴት መመላለስ ጀመረች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና «መንገድ ላይ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል» ትላታለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ወንዝ ሞልቶበት ነው የቆየው» ትላታለች። እናትየው ተጽናንታ ትመለስና በሩን ሳትቆልፍ ትተኛለች። አባትየው ግን ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ፣ ተደላድሎ ይኖር ነበር። ይህ የታወቀው እናትየው በሩን እያየች ካረፈች በኋላ ነው። ታላቂቱ ልጅ እሷ ነበረች፤ ታናሽ ወንድሟን ይዛ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወራ ሰው ካየች ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

የሚገርመው፣ የምትወደው መጽሐፍ ሁሉ የአስማተኛ ታሪክ ነው። ጠላቴን ልወቀው ብላ ጀምራ ሱስ ሆነባት። የምትሰፋውን ገጽ ሳታነብ አትሰፋም፤ የጥንቶቹን የአስማተኛ ተረቶች በዚህ ዓይነት፣ ቅጠል በቅጠል፣ ጨርሳቸዋለች። አንብባም ዝም አትልም፤ ትመዝናቸዋለች። ተራራ ከሥሩ ነቅሎ ባሕር ውስጥ የሚወረውረው አስማተኛ አያስደንቃትም። «ጉልበት ነው፤ ዶዘርም ያደርገዋል» ትላለች። ጭጋግ እንደ ክር ፈትላ አንድን ከተማ ከጠላት ጦር የሰወረችውን አሮጊት ታከብራታለች፤ ቢያንስ እጇ ሥራ ያውቃል። አንደኛ የምታደርገው ግን ሽፋኑ በተላጠ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የንጉሥ አልጋ አንጣፊ ነው። ይህ ሰው አንድም ተአምር አልሠራም። ንጉሡ ሲለብስ ሲያወልቅ የሚያመልጠውን ቃል ይለቅምና ሰነባብቶ መልሶ ይነግረዋል። ንጉሡም «ልቤን አነበበው» ብሎ ይንቀጠቀጣል።

«ሌሎቹ ሲደክማቸው ኃይላቸው ያልቃል» ትላለች ጠራዧ። «የዚህኛው ግን አያልቅም። የሚደክምለት ሌላው ሰው ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ ትንሽ የንባብ ክበብ ይሰበሰባል። ክበቡን የሚመራው ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሳይቀሩ የሚመጡት የማዕዘኑ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት፣ አንድ ልብስ ሰፊና ጠራዧ ናቸው። በዚያ ሰሞን የተያዘው ክርክር ጠራዧ ያመጣችው ነበር፤ ከድሮ መጻሕፍት አስማተኞች ማን ይበልጣል የሚል። ወንድሟንም ይዛው መጣች። ወንድሟ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከመሪው ወደ አልጋው፣ ከአልጋው ወደ መሪው ሆኖ ነበር፤ ሰው መሀል ቢቀመጥ ይሻለዋል ብላ ነው። እሱ ይመጣል፣ ጥግ ይቀመጣል፣ ጫማውን እያየ ይውላል።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ሰው መጣ። ረጅም ነው፤ ኮቱ በደንብ የተተኮሰ፣ ክርኑ ግን የሳሳ። ድሮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ የባቡሮችን መምጣትና መሄድ በድምፅ ማጉያ ይናገር እንደነበር፣ በኋላ የተቀዳ ድምፅ ሲተካው እንደወጣ ነገራቸው። ይህን ሁሉ የተናገረበት ድምፅ ከደረቱ ሥር የሚወጣ፣ ሞቅ ያለ፣ ሰው ሻንጣውን አንስቶ እንዲከተለው የሚያደርግ ዓይነት ነበር። በዚያው ቀን «ባለ ድምፁ» የሚል ስም ወጣለት።

ልብስ ሰፊው ለተራራ ነቃዩ ተከራከረ። ፋርማሲስቷ ለጭጋግ ፈታዪዋ ተከራከረች። መምህሩ አዲሱን እንግዳ «እርስዎስ?» አለው።

«ተራራ መንቀል ለማን ይጠቅማል?» አለ ባለ ድምፁ። «ለኔ ትልቁ አስማተኛ የሞተ ሰው ድምፅ ለሚናፍቀው ሰው የሚያሰማ ነው። ከዚያ በላይ ኃይል የለም።»

ጥግ የተቀመጠው ሾፌር ከጫማው ላይ ዓይኑን አነሳ። ጠራዧ ግን አንድ ነገር አየች፤ ባለ ድምፁ ወንድሟን ያየው ከተናገረ በኋላ ሳይሆን ከመናገሩ በፊት ነበር። አየችና ተወችው፤ ምክንያቱም ሰውየውን ወዳዋለች። ሥራዋን ይጠይቃታል። ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ይዞ ምድር ቤት ይወርዳል፣ ጠረጴዛዋ አጠገብ ያለው የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ ይላል፣ «ይህን ስፌት ማን አስተማርዎት?» ይላታል። ስንት ዘመን እዚያ ክፍል ስትሠራ ስፌቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም እየሰፋች ታወራለታለች፤ ስለ አስማተኞቹ፣ ስለ ሙጫው፣ ስለ አለቃዋ፣ አንዳንዴም ስለ ቤት።

አንድ እሑድ ወንድሟ ምሳ ሊበላ መጣ። ፊቱ በርቷል። ለራሱ ሁለተኛ ጊዜ ጨለፈ፤ ይህን ካደረገ ቆይቷል።

«እትዬ» አላት፣ «እሷ እኮ አናገረችኝ።»

«ማን?»

«ሚስቴ። በሱ በኩል። በባለ ድምፁ።»

ጠራዧ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንዴት አድርጋ?»

«ዓይኑን ጨፈነና ቆየ። ከዚያ 'ፍሬኔ እንዴት ነው?' አለች። እንዲህ ነው ያለችው፤ ፍሬኔ።»

ሟቿ ልብስ ንጽሕና ቤት የምትሠራ፣ ቀልጣፋና ችኩል ሴት ነበረች። ባሏ ደግሞ ዝግ ያለ ነው። ለዚህ ነው በቤታቸው ውስጥ «ፍሬኔ» ትለው የነበረው፤ እሱ ባይዘኝ ከማንም ጋር እጋጭ ነበር ትል ነበር። ከቤተሰብ ውጭ በሰው ፊት በዚህ ስም አትጠራውም ነበር።

«ማን ነገረው?» አለች እህትየው።

«ማንም አልነገረውም። እሱ ነው እንጂ የሚገርመው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። አንድ ሰው ነግሮታል። ግን ማን? መጀመሪያ የጠረጠረችው ፋርማሲስቷን ነው፤ የሟቿን መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ነበረች። መድኃኒት ቤት ሄዳ ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ለዚያ ባለ ድምፅ ስለ ወንድሜ ሚስት ያወራሽለት ነገር አለ?»

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አወለቀች። «እኔ የሰው ምስጢር በሐኪም ማዘዣም አልሰጥም። ደግሞ ይህን ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽው? ጉንፋን የያዘሽ መስሎኝ ነበር።»

ፋርማሲስቷ ተቀየመችና ቅዳሜ መምጣቷን ተወች። ጠራዧ ቀጥላ መምህሩን ጠረጠረች፤ የሾፌሩ አውቶቡስ በደጁ ያልፋል። ቀጥላ ልብስ ሰፊውን፤ የሟቿ ቀሚሶች በእጁ አልፈዋል። ክበቡ ውስጥ ሰው ሁሉ ስትመጣ ወሬ ማቋረጥ ጀመረ፤ ወሬ ማቋረጣቸውን ስታይ እሷም ይበልጥ ጠረጠረች።

በዚህ መሀል ባለ ድምፁ አንድ ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዱ መጽሐፍ ይዞ ወረደ። ሰላም ብሎ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀም። ብቻ «ወንድምዎ ዛሬ ፊቱ ጠቁሮ አየሁት» አለና ዝም አለ።

ዝምታው ረዘመ። እጇ ላይ መርፌና ክር አለ፤ አፏ ግን ሥራ ፈቶ ነበር። «እሱማ ሐሙስ ሐሙስ እንዲህ ነው» አለች። «የሷ የዕረፍት ቀን ነበር። አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ድረስ ሄዳ ምሳ ታደርስለት…»

እዚህ ላይ የራሷን ድምፅ ሰማችው። መርፌው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሌባ ፍለጋ ሰፈሩን ስታስስ ከርማ፣ በሩን የከፈተችለት ራሷ ነበረች። «ፍሬኔ»ንም እዚሁ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ እየሳቀች ነግራው እንደነበር አሁን ትዝ አላት። አልጋ አንጣፊውን አንደኛ ብላ ስትመርጥ፣ ንጉሡ ማን እንደሆነ አልገባትም ነበር።

ቀና ብላ አየችው። እሱ የመጽሐፉን ጀርባ በጣቱ እየዳበሰ ነው። አልጮኸችም፤ አላባረረችውም። መርፌዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ድምፅዋን እንደወትሮው አድርጋ፣ ቀጠለች።

«ምስኪን» አለች። «ድመት ስትፈራ! ባሏ እንኳ አያውቅም። ታፍርበት ነበር።»

ውሸት ነው። ሟቿ ድመት ቀርቶ ውሻም አትፈራም ነበር። ጠራዧ ያሰበችው ቀላል ነገር ነው፤ ሰውየው የድመቷን ነገር ለወንድሟ ይነግረዋል፣ ወንድሟ «እሷ ድመት አትፈራም» ይላል፣ ነገሩ ይፈርሳል። ወጥመዱ ያማረ መሰላት።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድሟ መጣ። እሷ ድንች ትልጣለች። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እሷ ድመት ትፈራ ነበር ለካ» አላት።

ቢላዋው በእጇ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ራሷ። 'አሁን ድመት አያስፈራኝም' አለች። መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ከዚያ ሳስበው ልክ ነው። ታች ቤት ጎረቤታችን ጋ ግቢ ስትባል በር ላይ ነበር የምትቆመው፤ አንድም ቀን አልተቀመጠችም። እዚያ ቤት ድመት አለ። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ሳላውቅላት…» ዓይኑ እንባ ሞላ። «ድመቷ ደረጃው ላይ ስትተኛ እኔ ራሴ እያሻሸሁ ነበር የማልፈው። በሷ ፊት። አሁን ባየኋት ቁጥር አባርራታለሁ።»

ጠራዧ አስማተኛው ይወድቃል ብላ ነበር። የወደቀ የለም። ወንድሟ የውሸቷን ቀዳዳ ራሱ ደፍኖላት፣ በገዛ ትዝታው ለብጦ፣ አሳምሮ አመጣላት። ሟቿ በሕይወት ሳለች ያልነበራትን ፍርሃት አሁን አገኘች፤ የሰጠቻት ደግሞ እሷ ናት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አትፈራም ነበር» አለች። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሱን ልይዘው ብዬ ነው የነገርኩት። ፍሬኔንም ያወቀው ከኔ ነው፤ ሳላስበው አምልጦኝ። ሁሉም ከኔ ነው።»

ወንድሟ የካፖርቱን ቁልፍ ቆለፈ። ውጭ መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«ስለዚህ እሱን ለመያዝ ብለሽ በሷ ላይ ዋሸሽ።»

«አዎ።»

«እሱን አልያዝሽውም» አላት። «የያዝሽው እኔን ነው። አሁን የትኛውን ልመን? ልጅ ሆነንም እንዲህ ነበርሽ፤ እማዬ አባታችሁ ይመጣል ስትል በር ዘግተሽ ትከራከሪያት ነበር። እውነትሽን ነበር። ግን ማንም አልወደደልሽም።»

ሳይበላ ወጣ። ከዚያ በኋላ እሑድም አልመጣም፤ ቅዳሜም አልመጣም። እሷ በምትሳፈርበት መስመር ሲያልፍ ቀጥ ብሎ መንገዱን ያያል።

ወሬውን ያመጣችላት ፋርማሲስቷ ናት፤ ቂሟን ወደ ጎን ብላ ምድር ቤት ድረስ ወረደች። «ሳልነግርሽ ብቀር ደስ አይለኝም» አለቻት። «ባለ ድምፁ ወንድምሽ ቤት ገብቷል። ሻንጣውን ይዞ። የኋላውን ክፍል ሰጠው።»

ጠራዧ የዚያን ዕለት ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ሄደች። የኋላው ክፍል ሟቿ ልብስ የምትተኩስበት ነበር። አሁን መተኮሻ ጠረጴዛዋ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፏል። በሩን የከፈተላት ባለ ድምፁ ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን እያጠበ ነበር። ወንድሟ ሥራ ላይ ነው።

«ይግቡ» አላት።

«ምንድን ነው የፈለግከው?» አለችው። ድሮ «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ ሁለቱም አስተዋሉት።

እጁን በፎጣ አደረቀ። «ክፍል» አለ። «የማድርበት ማረፊያ ቤት ጣራው ያፈሳል። ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ እናድራለን። ወንድምዎ የሚያወራለት ሰው ፈለገ፤ እኔ ክፍል ፈለግኩ።»

«አታለልከው።»

«እርስዎ የነገሩኝን ነው የነገርኩት። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ድመቷም የእርስዎ ናት።»

«ውሸት መሆኑን አውቀህ ነበር?»

«አዎ። እርስዎ እውነት ሲያወሩ እየሰፉ ነው። የዚያን ቀን መርፌውን አስቀመጡ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከው?»

«እንደሚቀበለው አውቅ ነበር» አለ፣ በዚያ ሞቅ ባለ ድምፁ። ሲናገር ማፈሩን ለማወቅ ፊቱን ፈለገችው፤ ያየችው ድካም ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን አላመነችውም። መተኮሻ ጠረጴዛውን በእጇ ነካ አድርጋ ወጣች።

ክበቡ በዚያ ሰሞን ክርክሩን ዘጋ። በድምፅ ብልጫ ተራራ ነቃዩ አንደኛ ወጣ። መምህሩ የእሷን አልጋ አንጣፊ «ሰላይ እንጂ አስማተኛ አይደለም» ብሎ ከውድድር አወጣው። ሌላ ጊዜ ብትሆን ጠረጴዛ ትመታ ነበር። ያን ቀን አልተከራከረችም፤ ፋርማሲስቷ አጠገቧ ተቀምጣ ብስኩት ሰጠቻት።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወንድሟ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ምድር ቤቱን ደረጃ ወረደ። ባለ ድምፁ ይቀመጥበት የነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«እሱ ከገባ ወዲህ እሷ ዝም አለች» አላት።

እሷ መስፋቷን አላቆመችም።

«መጀመሪያ 'ደክሟታል' አለኝ። ከዚያ 'ዐርፋለች' አለኝ። አሁን ስጠይቀው ጋዜጣ ያነባል።»

«ለምን ይመስልሃል?»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዳትነግሪኝ።»

«እሺ፣ አልነግርህም።»

ቆቡን በእጁ አዟዟረ። «ላስወጣው ነበር። ሻንጣውን ሁሉ በር ላይ አድርሼለት ነበር። ከዚያ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁት። እሱ ሲወጣ የሚቀረውን አየሁ ማለቴ ነው። ሾርባ ይሠራል። ሸሚዝ አተኳኮስ ያውቃል። እንዲቀር ነገርኩት። ግን በሷ ስም አፉን እንዳይከፍት። አንዴ ከከፈተ በዚያው ይወጣል።»

«ሰውየውን አላምነውም።»

«እኔም አላምነውም» አለ ወንድሟ። «ግን ክፍሉን ይጠርጋል።»

መርፌዋን ሳታስቀምጥ «ስለ ድመቷ…» አለች።

«ተይው።»

«አልተወውም። ሚስትህ ጎረቤታችሁ ቤት የማትቀመጠው ሴትዮዋ ወሬ ስለምታበዛባት ነበር። 'አንዴ ከተቀመጥኩ ሳልሸብት አልነሳም' ብላኝ ነበር። ድመቷን እንዳታባርር።»

ወንድሟ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ተርገበገበ። የሚያለቅስ መስሏት ነበር፤ እየሳቀ ነው። «እንደሷ ነው አነጋገሩ» አለ። ከዚያ ደግሞ ቀና ብሎ ለአፍታ አያት፤ ይህኛውስ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን። ያን ዓይን አወቀችው። የራሷ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት እሱ ቤት ነው፣ ሦስቱም። መተኮሻ ጠረጴዛው ሳሎን ገብቷል። ባለ ድምፁ ያቀርባል፣ ያነሳል፣ ሲጠየቅ ብቻ ይናገራል። ጠራዧ ሾርባውን ሳታሸት አትቀምስም፤ ሰውየው ወደ ኩሽና ሲገባ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ትፈልጋለች፤ በዱካው ላይም ሁለተኛ አላስቀመጠችውም።

ባለፈው እሑድ ወንድሟ ሳይጠየቅ አንድ ታሪክ ጀመረ። ሚስቱ አንድ ቀን የሱ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ፣ እንደማታውቀው ሆና ከኋላው ተቀመጠች አለ። ከዚያ ለተሳፋሪው ሁሉ «ይሄ ሾፌር ኤሊ ነው እንዴ? ሚስቱ እንዴት ቻለችው?» እያለች እስከ መጨረሻው ፌርማታ አሳቀችበት። አንዲት አሮጊት ደግሞ ለሱ ተቆርቁራ ተቆጣቻት። ወንድሟ አሮጊቷን በድምፅም በእጅም እየመሰለ ሲያወራ ፊቱ የድሮው ፊቱ ሆነ። ጠራዧ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ሟቿ ነግራት አታውቅም፤ እሱም አልነገራትም።

ባለ ድምፁን ገልመጥ አድርጋ አየችው። ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ታሪኩ ከየት እንደመጣ ልትጠይቅ ቃሉ አፏ ላይ ደረሰ። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ ጎረሰችና፣ አሮጊቷ በመጨረሻ ምን እንዳለች ለመስማት ወንበሯን ወደ ወንድሟ አስጠጋች።